የጨው ገጽ

ሠላሳ ዓመት ጨው ቆረጥሁ፣ ኮልቻኒ ላይ፣ በመጥረቢያ፤
ነጭ ምድር ፈልጬ፣ ጭኜ ላክሁ ለገበያ።
እዚህ አገር ፀሐይ ሁለት ናት፦ አንዷ ከላይ፣
አንዷ ከእግርህ ሥር፣ ከጨዉ ላይ፣
እኩል የምታፈጥብህ እንደ ባላጋራ።
ሳይሸፈን የለም የሚሠራ፤
ሻሽ እስከ አፍንጫ፣ ባርኔጣ እስከ ጆሮ፣
ዓይንም ከቡናማ መስታወት ጀርባ ተሰውሮ።

ይህን የማውቅ ሰው ነኝ እንግዲህ። ይህን እያወቅሁ ነው።

ካሲሚራ ልጄ ዘጠኝ ዓመቷ ነው።
ደብተር ስትገልጥ ግንባሯን ትይዛለች፣
ገጹን በመዳፏ ትጋርዳለች፣
ታዘነብለዋለች፣ ታጋድመዋለች፣
አንዱን መስመር ሁለቴ አንብባ ሌላውን ትዘለዋለች።
«ፊደሎቹ አይቆሙልኝም፣ አባ፤
ነጩ ከመሃላቸው እንደ ወንዝ ሲገባ
ይዟቸው ይሄዳል።»
ስንፍና ነው አልሁ። እጄም አንዳንድ ቀን እንዲሁ ብሏል።

መምህርት ኦርቴንሲያ አስጠራችኝ፣
ጥዝ ከሚለው ረጅም አምፖል ሥር ቆማ እንዲህ አለችኝ፦
«ዓይኗን ሐኪም አይቶታል፤ ደህና ነው፤
ከበሩ ማዶ ዝንብ ትቆጥራለች፤ ችግሩ ጭንቅላቷ ነው።
ድንጋይ ነው።»
ምን እመልሳለሁ? ፊደል ያልቆጠርሁ ጨዋ፣
ከጨው በቀር የማላውቅ ጨዋ።
«ለራስሽ ስትዪ ጣፍጪ» አልኋት በመንገድ፣ «እንደ ጨው፣
አለዚያ ድንጋይ ብለው ይጥሉሻል፤ ነገሩ ያው።»
መልስ አልሰጠችኝም። ጥላዬ ውስጥ ገብታ
ተከተለችኝ፣ ቤት እስክንደርስ፣ አንገቷን ደፍታ።

ነሐሴ ላይ፣ አንድ ጠዋት፣ መነጽሬ ከሚስማሩ ጠፋ።
ፈለግሁ፤ ተሳደብሁ፤ ጭነት መኪናው ጥሩንባውን ነፋ።
ሻሼን ስቤ ወጣሁ።
እስከ ቀትር ያየሁትን ቆረጥሁ፤
ከቀትር በኋላ የማላየውን።
ሳቱርኒኖ ክንዴን ይዞ ቤት አስገባኝ።

ዓይኔ ውስጥ ወፍጮ አሸዋ ይፈጫል፤
ቴዎዶሲያ የምትደርብልኝ እርጥብ ጨርቅ ወዲያው ይሞቃል።
ከጥግ ድምፅ ሰማሁ። ልጅ ታነባለች፦
ሳትቆም፣ ሳትሰናከል፣ ቁልቁለት እንዳገኘ ብስክሌት ትወርዳለች፣
ስለ ቀበሮና ስለ ጉድጓድ ውሃ።
«የማን ልጅ ናት?» አልኋት ሚስቴን።
«የማን ትሁን? ያንተው ናት።
መነጽርህን አድርጋለች።»

ልቆጣ አፌን ከፈትሁ። ዓይኔ ቀደመኝ፤
እንባ ሆነ። ከሕመሙ ነው፣ ማንም ቢጠይቀኝ።

አንተ ሰው! በነጭ ስትወቀር የኖርህ፣
ነጭ ምን እንደሚያደርግ ዓይንህ ያስተማረህ፣
ወረቀት ነጭ መሆኑን ምን አስረሳህ?
ልጅህ በየቀኑ፣ ያለ ሻሽ፣ ያለ ባርኔጣ፣
ሁለት ስንዝር በማይሞላ የጨው ሜዳ ስትቀጣ፣
ድንጋይ ሲሏት አብረህ «ድንጋይ» ያልህ!

ሁለት ቀን ዓይኔ አልተገለጠም፤ ሁለት ቀን አነበበችልኝ፦
ቀበሮውን፣ የመብራት ሒሳቡን፣ የሳሙናውን ካርቶን፤
በጀርባዬ የማመላልሰውን የጨው ከረጢት እንኳ፦
«ከብርሃን ርቆ፣ በደረቅ ቦታ ይቀመጥ» ይላል ለካ!
ሠላሳ ዓመት ተሸክሜዋለሁ።

መነጽሩ አንድ ነው። ኡዩኒ ገበያ ሌላ አለ፤ ዋጋው የአንድ ሳምንት ጨው።
ከአፍንጫው ላይ በመጋዝ ለሁለት ከፈልሁት።
አንዱን እሷ በመስመሩ ላይ ታንሸራትተዋለች፤
ቡናማው ሲያልፍባቸው ፊደሎቹ ይቆማሉ፣ ትላለች።
በአንዱ እኔ እሠራለሁ፣ ሌላኛውን ዓይኔን በጨርቅ አስሬ።
ጡቦቼ ጠመዋል። ሳቱርኒኖ ይስቃል።
ይጥመሙ።

መምህርቷ ግን «መጫወቻ ክፍል አይገባም» ብላለች።
ነገ እሄዳለሁ። ምን ብዬ እንደማስረዳት አላውቅም፤
ንግግር አይሆንልኝም።
ምናልባት በቀትር እስከ ሜዳው እንድትመጣ ለምኜ፣
ባርኔጣዋን ተቀብዬ፣
ደብተሩን ከጨዉ ላይ ዘርግቼ፣
«እስቲ እዚህ ያንብቡልኝ» እላታለሁ።