ተረቴን መልሱ

ማክሰኞ ነው፤ መሽቷል፤ ከሞላሌ ገበያ ገብቼ፣
ስንዱን ጉልበቴ ላይ አስጠግቼ፣
አፌ እንዳመጣልኝ፦

«ተረት ተረት።»
«የላም በረት።»
«ጓሳ ሜዳ ላይ አንድ ቀበሮ ነበረ፣
ከበጎች ጠጉር ሲሸምት፣ ሲሸምት የከበረ፤
አባቱ ያወረሰውን የሚዛን ድንጋይ
ፈልፍሎ እርሳስ ያጎረሰ፣ ሰው ሳያይ።
አንዲት አሮጊት በግ…»

«እሺ፣ ከዚያስ?»

ከዚያማ ጉሮሮዬ ደረቀ።
የእትዬ ጌጤነሽ ባዶ ስልቻ
ከተረቱ ወጥቶ ደጄ ላይ ወደቀ።

«ተረቴን መልሱ፣
አፌን በዳቦ አብሱ»
ብዬ ላመልጥ ስል፣ ሳቀች፦
«እኔ ምን ወሰድሁ?
ቀበሮው ይመልስ!»

ውርጩ ሳይቀልጥ ወጣሁ፤
ድንጋዩ በግራ፣ ብሩ በቀኝ ኪስ።
የቱ እንደከበደኝ
እነግርሻለሁ፣ ልጄ፣
ስመለስ።