የአንሙት ጀርባ

ሰኞ ጧት ነው። አንሙት ሸሚዙን አውልቆ
አልጋው ጫፍ ተቀምጧል፣ ትከሻው ተሳቅቆ።
የቲነሩ ሽታ ከሱ ቀድሞ ገባ፤
በሎሚ ታሽቶ የማይለቅ፣ ማንም ያልሸለመው ካባ።

መዳፉን ዘረጋው፤ የበጋ ማሳ ነው፣
ስንጥቁን ቫርኒሽ እንጂ ዝናብ አይደል የሞላው።
ሲተኛ ደረቱ ያፏጫል፤ ይታይሽ፣ ሚስቱ፣
በር የተከፈተ መስሏት ስንቴ ተነሣች በሌሊቱ።

«የጮቄ ብርድ ነው» ይላል የእንጨት ቤቱ ጌታ፣
«ሃያ ዓመት ታጠብኩበት፣ መች አገኘኝ በሽታ?»
ጎረቤት «ዓይን ነው» አለ። ሁሉም መልስ አለው፤
ጥያቄ የተረፈው ግን፣ በደብረ ማርቆስ፣ ለኔ ነው።

ዐሥር ትንንሽ ቤት ጀርባው ላይ ለጠፍኩ፣
በማይለቅ ቀለም ቁጥር ቁጥር ጻፍኩ፦
አንድ፣ ባዶ ቫዝሊን፣ ሐሰት መለያ፤
አራት፣ ቲነሩ፣ በወይራ ዘይት ቀጥኖ፤
ሰባት፣ ከጓንቱ የተቆረጠ ላስቲክ፣
እንዲሁ፣ ለነገሩ ያህል።
«አትታጠብ፣ አትከክ፣ አትሸከም» ስለው በቃል፣
«ሁለት ቀን?» አለ ደንግጦ፣ «ጣውላውን ማን ያወርዳል?»

ረቡዕ ላጥኩት። ዓርብ ደግሜ አየሁ።
አራት ላይ ምንም የለም። መነጽሬን ወለወልኩ፣ ምንም።
ሰባት ግን ቀልቷል፣ አብጧል፣ ውኃ ቋጥሯል።
ጓንቱ!
በጥቅምት እኔው ራሴ፣ በዚሁ ክፍል፣
«እጅህን ይጠብቅልሃል» ብዬ ያስገዛሁት ጓንት።

ጌታው ደስ አለው፤ ወረቀቱን አጠፈ፣
«ቲነሩ ነፃ ወጣ» ብሎ ለራሱ ጻፈ።
ቆይ እንጂ ጌታው፣ ጀርባ ለሳንባ ዋስ አይሆንም፤
ቆዳ የማረውን ሁሉ ሳንባ ላይምር ይችላል፣ አይታመንም።

ለአንሙት የትንፋሽ መለኪያ አዋስኩት፣ ደብተር ጭምር።
ጧት ማታ ነፍቶ ጻፈ፣ በዚያ በተሰነጠቀ ጣት።
እሑድ፣ አራት መቶ ሰማንያ።
ዓርብ፣ ሦስት መቶ ዐሥር።
ለጥምቀት ሦስት ቀን ተዘግቶ፣ አምስት መቶ ሞላ።
ሌላው ረቡዕና ዓርብን ይጾማል፤
የሱ ሳንባ ስድስት ቀን ጾሞ እሑድ ብቻ ይፈታል።

ታዲያ ማነው? ቲነሩ? ወይስ ቫርኒሹ ላይ
ጠብ የሚያደርጓት ማድረቂያ?
«አምጡልኝ» አልኩ። ቆርቆሮው መጣ፣
ጽሑፉ ተፍቆ፣ ሆዱ ምስማር ሞልቶት።

እንዲህ ብዬ ፈረምኩ፦
«ጓንቱ ይቀየር። ቲነሩ፣ በቆዳ፦ አልታየም።
በሳንባ፦ አይታወቅም።»
የመጨረሻዋን ቃል ሁለቴ አሰመርኩባት፣
«የለም» ብሎ እንዳያነባት።