ጀልባ አልገባም

ማቶዚኞሽ ወደብ፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣
ሌሊቱን አድራለሁ ሕመምተኛ ሳይ።
ከመስኮቱ ወዲያ ባሕር አለ፣ ዝም ያለ፤
ከመስኮቱ ወዲህ ዝምታ የት አለ?

አንዱ ማሽን ጢጥ ይላል፣ ሌላው ይመልሳል፣
የመድኃኒት ጋሪ ኮሪደሩን ያርሳል፣
አራተኛው ጎማ እንደ ድመት ያለቅሳል፣
የቆሻሻው ክዳን ሲወድቅ የሞተ ይቀሰቅሳል።
ስልኩ ይጠራል፤ የሚያነሳው የለም፤
እኛም እናወራለን ስለዚህ ዓለም፣
ስለ ቤት ኪራዩ፣ ስለ እግር ኳስ፣
ከእኩለ ሌሊት እስኪነጋ ድረስ።
ጤነኛ ጆሮ ላይ ጠብታ ነው ቢባል፣
የታመመ ጆሮ ላይ ድንጋይ ሆኖ ያርፋል።

አልጋ ዘጠኝ ገባች ያቺ ዴኦሊንዳ፣
ዳሌዋ ተሰብሮ፣ ለአልጋው እንግዳ፤
ሰማንያ አንድ ዓመቷ፣ ጣቷ የጎበጠ፣
መዳፏ በጣሳ ጠርዝ የተቆራረጠ።
አርባ ዓመት ሠርታለች ከሰርዲን ፋብሪካ፤
ጀልባ በገባ ቁጥር፣ ሰዓት ሳይለካ፣
በስድስት፣ በዘጠኝ፣ ጎህ ሳይቀድ ገና፣
የፋብሪካው ሳይረን ይጮኽ ነበርና፣
ሴቶቹ ይወርዳሉ ሽርጥ እየታጠቁ፣
ከሕፃን፣ ከባል፣ ከሕልም እየተላቀቁ።
ፋብሪካ ሁሉ ለራሱ ድምፅ ነበረው፤
በእንቅልፍ ልብ እንኳ የእሷ ጆሮ ለየው።
ዓሣው አይጠብቅም፣ ያደረ ይሸታል፤
የዘገየችውን አለቃ ይቀጣታል።

ማሽኑ ጢጥ ሲል ታዲያ፣ ያው ሳይረን መስሏት፣
"ሽርጤ የታል?" ትላለች ብርክ እየያዛት፤
የጉሉኮስ ገመድ ከክንዷ ትነቅላለች፤
"መጣሁ! መጣሁ!" ብላ ወለል ትረግጣለች።
በአንድ ሌሊት አራቴ አስተኝቼ መለስኳት፣
በአምስተኛው ወደቀች፤ ከወለል አገኘኋት።

ጠዋት ሐኪሙ አለ፦ "ማስተኛ ይጨመር፤
ካልሆነም በቀበቶ ከአልጋው ትታሰር።"
ጻፍኩት። ብዕሩ ግን እጄ ላይ ከበደ፤
ዓይኔ ካልጋው ወርዶ ወደ ጋሪው ሄደ።
አርባ ዓመት ሲጠሯት አቤት ያለችን ሴት፣
በምን ጥፋት ልሰር? ፈጥና በመነሣት?

"ሆስፒታል ነው እኮ፣ ገዳም አይደለም" አለች
አለቃዬ ግራሲንዳ፤ ግን አልከለከለች።
ፊርሚኖን ጠራሁት፣ የጥገናውን ሰው፤
ጎማውን ገልብጦ፣ "ዘይት ነው ያነሰው"
አለና ሳቀብኝ። "ስንት ዓመት ሰማችሁት?"
"ሰባት።" "ሰባት ዓመት እያለቀሰ ተዋችሁት!"

ክዳኑ ሥር ላስቲክ፣ ወንበሩ እግር ጨርቅ፤
ስልኩም ጩኸት ትቶ በመብራት እንዲጠቅስ፣
የማሽኑ ጥሪ ከአልጋ ራስጌ ተነሥቶ
ኪሳችን ውስጥ ይርዳል እንደ ጫጩት ገብቶ።
ሥራ ነው ያልነውን ጩኸት ብለን ሰየምን፤
ለሣቅ ውጭ ወጣን፤ በር መዝጋት ለመድን።
ግራሲንዳ ብቻ፣ ድምፀ ነጎድጓዷ፣
ሹክ ስትል እንኳ ይሰማል ከጓዳ!

ያች የመጀመሪያ ጸጥ ያለች ሌሊት፣
እውነት ለመናገር፣ ያዘኝ እኔን ፍርሃት።
ሳንባ ሲስብ ሰማሁ፤ ማዕበልም ሰማሁ፤
ከአልጋ አሥራ ሁለት ደግሞ ልቅሶ ሰማሁ፣
ትራስ ውስጥ የታፈነ፣ ቀጭን፣ የወንድ ልቅሶ፤
ስንት ሌሊት ኖሯል የጋሪውን ጩኸት ለብሶ!
አጠገቡ ተቀመጥኩ፤ ስሙን፣ "ቫልዴማር" አለኝ፤
ከዚያ ወዲያ አላወራንም፤ እጁን ብቻ ሰጠኝ።

አሥር ሰዓት ሲሆን ዴኦሊንዳ ነቃች፣
ማንም ሳይጠራት፤ ጣራውን አየች፤
ጆሮዋን አቅንታ ወደ ወደቡ በኩል፣
"ጀልባ አልገባም እንዴ?" አለች በለሆሳስ ቃል።
"አልገባም" አልኳት፤ ከመስኮቱ ባሻገር
መብራት አብርተው ሦስት ጀልባዎች ሲገቡ ነበር።

ብርድ ልብሱን ሳበች እስከ አገጯ ድረስ፤
"እሰየው" አለችኝ፣ "ሴቶቹን ማንም አይቀስቅስ።"