ንፋ

ቱሉ ዲምቱ ማዞሪያ፣ ጎህ ሳይቀድ ገና፣
ፊሽካ አንገቴ ላይ፣ ደብተር ብብቴ ሥር፣ ይኸው ቆምኩ እንደገና።
“ቃሊቲ! ሳሪስ!” ይላል ረዳቱ፣ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ፣
እኔ ታርጋ እጽፋለሁ፣ ማን ቀድሞ እንደገባ፣ ማን እንደሚወጣ ተከትሎ።
ተራ አስከባሪ ነኝ፤
የሰው ተራ ጠብቄ፣ የራሴን ያሳለፍኩኝ።

አሥራ አራት ዓመት ነድቻለሁ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ሰርቪስ፣
ከኮዬ ፈጬ ለቅሜ፣ ገላን በር እስክደርስ።
ስድሳ ሰው ከኋላ ተኝቶ፣ እኔ ብቻ ነቅቼ፣
እንቁላል እንደጫነ ሰው፣ ጉድጓዱን ሁሉ ለይቼ፣
ፍሬን ስይዝ እንኳ ሕልማቸው አይነቃም ነበር።
“የሽብሩ እግር ጥጥ ነው” ሲሉ፣ እሱ ነበረ የኔ ክብር።

መጠጡ በፊት በር አልገባም፤
አንድ መለኪያ ለብርዱ፣ አንድ ለወገቤ ሕመም፣
ሦስተኛው ለምን እንደሆነ ጠይቄው አላውቅም።
ሚስቴ ጠርሙሱን ስታገኝ ከመፍቻ ሣጥኔ፣
“ፍሬን ዘይት ነው” አልኳት።
አሸተተች። አየችኝ። ቃል አልወጣትም ያኔ፤
እንደ ሟች ዓይን ክዳኑን ገጥማ
መለሰችው እዚያው፣ ከመፍቻዎቹ ጨለማ።

የሰኔ ደመወዝ ማታ፣ ዶፉ እየወረደ፣
ስድሳውም ቤቱ ገብቶ፣ መኪናዬ ባዶ እየሄደ፣
እታገኝ ቤት ጎራ አልኩ፣ ዝናቡ እስኪያቆም ብዬ፤
ዝናቡ ቀድሞኝ አቆመ፤ እኔ ግን ቆየሁ ቀጥዬ።
ከዚያ የማስታውሰው፦ የጋራዡ በር፣ መብራት፣ የኦቦ ጉርሜሳ ማማ፣
ቆርቆሮው እንደ ወረቀት ሲጨማደድ፣ ጩኸት ግን ሳይሰማ።
ሬዲዮናቸው ብቻ ጭቃው ውስጥ ወድቆ ያወራል፤
“ነገ ከፊል ደመናማ ይሆናል” ይላል።

ትራፊኩ ልጅ እግር ነው፤ መሣሪያውን አፌ ላይ ደቅኖ፣
“ንፋ” አለኝ ብቻ፤ ድምፁ ግን ለኔ አፍሮ፣ ለኔ አዝኖ።
ነፋሁ።
ነፋኝም፤
ዱቄቱ ወረደ፦ ስሜ፣ ደመወዜ፣ ቤቴ፤
ከነእንክርዳዴ እኔ ቀረሁ፣ ከወንፊቱ ላይ፣ ከነሐፍረቴ።

አንድ ዓመት ከመንፈቅ ታሰርኩ። መንጃ ፈቃዴ ተነጠቀ።
ሚስቴ ቢሾፍቱ ገባች፣ እናቷ ዘንድ፤ ነገሩ በዚያው አለቀ።
ሐመልማል፣ ልጄ፣ የትምህርት ቤት ፎርም ስትሞላ፣
“የአባት ሥራ” ላይ ስትደርስ ዘላ አለፈች ወደ ሌላ።
ሰርቪሱ አሁንም ያልፋል በፊቴ፣ መስታወቱ ላብ ለብሶ፤
አዲሱ ልጅ ፍሬን ሲረግጥ፣ የተኛው ራስ ሁሉ ሲጋጭ ተመልሶ፣
የኔ ቀኝ እግር እዚህ፣ መሬት ላይ፣ ቀስ ብሎ ፍሬን ይይዛል።
ማንም አያይም። ይይዛል።

ኦቦ ጉርሜሳ በምርኩዝ ይመጣሉ፣ አንድ ሰዓት ሲሆን፣ ሰዓታቸው ነው፤
ጤና ጣቢያው ከማዶ ነው።
ይቅርታዬን በሽማግሌ ሰምተዋል፤ ካሣውንም ተቀብለዋል፤
የቀረውን በየጠዋቱ ራሳቸው ይመረምራሉ።
አፍንጫቸውን አፌ ሥር አድርገው፣ እንደዚያ ትራፊክ ልጅ፣
“ንፋ” ይሉኛል። እነፋለሁ።
ሻይና ዝንጅብል ከሆነ፣ “ያዝ” ብለው ይሰጡኛል እጅ፣
አራቱን መስመር አስፋልት እናልፋለን፣ በሦስት ደህና እግር።
አንዳንድ ቀን ደግሞ ያሸቱና፣ ፊታቸውን ያዞራሉ፣ ያለ ነገር።

ዛሬ እንደዚያ ነው።
ብቻቸውን ወረዱ ከእግረኛ መንገዱ፣ ምርኩዛቸውን አስቀድመው።
ሲኖትራክ ከላይ ይመጣል፣ አሸዋውን ተሸክሞ፤
ማን ይቆማል ለአንድ ሽማግሌ፣ ለአንድ ምርኩዝ፣ ማን አስቦ፣ ማንስ ቆሞ?
እኔ መሐል ገባሁ፣ በዚያው በሚሸት ትንፋሼ፣
ፊሽካዬን ነፋሁ፣
ነፋሁ፣
ማዶ እስኪደርሱ ድረስ አልተነፈስኩም መልሼ።