ቋሚ

ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ ጦሳ ጉም ለብሷል፤
ከአዳራሹ ጣሪያ ጠብታ ይፈሳል።
ፈርመን ብስኩትና ውሃችንን ወሰድን፣
እንደ ልማዳችን ወደ ኋላ ሄድን።

አሰልጣኟ እቴነሽ፣ ከቦሩ ሜዳ የመጣችው፣
ጠመኔ አንስታ አንድ ቃል ጻፈችው።
«ቋሚ»።
ዞር ብላ ጠየቀች፦ «ይህ ደግሞ ማነው?»
ይመር ከጎኔ ሆኖ፣ «የስልክ እንጨት ነው።»
ሳቅን። እሷም ሳቀች፣ ትንሽ።

«በቃል አይሆንም» ብላ ሦስት ሰው ጠራች፤
ሉባባ ከላይብረሪ አምሽታ ወጣች፤
ይመር ክንዷን ይዞ «አልለቅም» ይላል፤
«እኔስ?» አልኳት። «አንተ መቆም ይበቃል።»
ቀላል ድርሻ ደረሰህ ብሎ ሰው ሁሉ ሳቀ፤
ጉልበቴ ግን ያንን ቦታ ከኔ ቀድሞ አወቀ።

አምና፣ መብራት የጠፋ ምሽት፣ ባጃጅ መቆሚያው ጋ፣
የአንዲት ልጅ ሻርፕ በአንድ ሰው ጣት ተይዞ ሲረዝም አየሁ።
«ልቀቀኝ» ስትል ሰማሁ። አንዴ አይደለም። ሁለቴ።
ስድስት ሰው ቆሞ ነበር። ቆጥሬያለሁ።
ራሴን አልቆጠርኩም።
ባሏ ሊሆን ይችላል አልኩ። ወንድሟም ሊሆን ይችላል።
ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም።
ስልኬን አወጣሁ፤ ባትሪው አርባ ሁለት ፐርሰንት ነበር።
ይህን እስከ ዛሬ አስታውሳለሁ፤
ፊቷን ግን አላስታውስም።

«ጀምሩ!» አለች እቴነሽ። ይመር ክንዷን ያዘ፤
የሚስቀው አዳራሽ ቀስ በቀስ ፈዘዘ።
ሉባባ «ልቀቀኝ» አለች፤ ለጨዋታ ነው፣ ቃሉ ግን ያው ቃል፤
ጆሮዬ ውስጥ ያደረው ስንጥር ይነቃል።
ደረቴን አልነፋሁ፣ ቡጢም አልጨበጥኩ፤
ሦስት እርምጃ ሄጄ በመሃል ቀረብኩ።
«እህቴ» አልኩ፣ ድምፄ ተሰብሮ፣ «ስንት ሰዓት ነው?»
ሌላ ምንም አልመጣልኝ። ያው ይኸው ነው።

ይመር ክንዷን ለቀቀ፣ መተወኑን ረስቶ።
ሉባባ ሰዓቷን አየች፤ «አራት ተኩል» አለች፣
አብሽር በሚል ዓይን።

እቴነሽ ስልኳን አይታ፣
«ለሦስት እርምጃ አርባ ሰከንድ ፈጀህ» አለችኝ።
አንድ ዓመት ነው ልላት ነበር።

ሰሌዳው ላይ «ቋሚ» ገና አልተጠረገም።
ኩታበር፣ አባቴ ቤት ሲሠራ አይቻለሁ፤
ቋሚውን ሁሉ በመጥረቢያ ጀርባ ያንኳኳ ነበር፣
ባዶ የሚጮኸውን ለማገዶ እየለየ።

ከሰዓት ጉሙ ለቀቀ። ባጃጅ መቆሚያው ጋ ስደርስ
ስድስት ሰው ቆሟል። ቆጠርኩ።
ከኔ ጋር፣ ሰባት።