የካባው ኪስ

አርባዋ ከወጣ ሦስተኛው ቀን ነው፤
ቢሮዋን ልለቅላቸው ቁልፍ ይዤ መጣሁ፣
አቃቂ፣ ከጎማ ጠጋኙ ጎን፤
በሩ እንደ ድሮው ወደ ላይ ካላነሱት አይከፈትም።
«እህቷ ነሽ?» አለኝ ጠጋኙ
እጁን በዘይት ጨርቅ እየጠረገ።
«በድምፅሽ አወቅኩሽ።»
ከዚያ ኮምፕረሰሩን አጠፋው።
ሌላ አልተናገረም። ሰፈሩ ጭር አለ።

በድንኳኑ ውስጥ የተባለውን ተዉት።
«ደግ ነበረች» አሉ። ደግ ብቻ?
ትርሲት ነገረኛ ነበረች፣ እግዜር ይወቀው!
በሰባት ዓመቷ፣ እናታችን ዱላ አንስታ
«ይሄ ቦቢ እንቁላሉን ጠጣው» ስትል
ውሻውን ከጀርባዋ ከልላ
«ያየ አለ?» ያለች ልጅ ናት።
ምስክር ጠፋ፤ ቦቢ በነጻ ተለቀቀ።
እንቁላሉን የጠጣሁት እኔ ነበርኩ፤
ታውቅ ነበር፤
እስክትሞት አልከሰሰችኝም።

ቱሉ ዲምቱ፣ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ፤
ውሃ በጠፋበት ማለዳ በአንድ ጆግ ታጥባ
ካባዋን በፌስታል ጠቅልላ ትወርዳለች፤
በአውቶብስ ሰልፍ ቆማ መዝገብ ታነባለች።
ሲኖትራኩ አቧራውን ሲያስነሳው
ፋይሏን እንጂ ፊቷን አትሸፍንም።
ገላን ፋብሪካ ማሽን ጣቷን የበላት ልጅ፣
«በልተሽ ጠጥተሽ ምን ደሞዝ?» የተባለች የቤት ሠራተኛ፣
ማሳቸው አስፋልት የሆነባቸው ኦቦ ቱፋ፤
እነዚህ ነበሩ ደንበኞቿ።
ኦቦ ቱፋ የከፈሏት
ከተረፈቻቸው ጥማድ የተነቀለ
አንድ ሸክም የሽንብራ እሸት ነው።
ደረጃው ላይ ተቀምጠን ፈለፈልነው፤
ፎቅ ለፎቅ ለጎረቤት አዳረስነው።
«ማነው ያልተከፈለኝ ያለሽ?» አለችኝ፣
አፏን እሸት ሞልቶት።

አንድ ነገር ግን ይቅር አልላትም።
ጡቷ ላይ ያለውን እብጠት በጥቅምት አግኝታ
ለእኔ የነገረችኝ በሚያዝያ።
የሐኪሙና የችሎቱ ቀጠሮ አንድ ቀን ሲውልባት
ሐኪሙን ታዘገየዋለች፤
«ልጅቷ ጣቷን አጥታ ሌላ ስድስት ወር ትጠብቅ?»
አንቺስ?
አንቺስ ትርሲት?
ለሰው ሲሆን ሺህ አንቀጽ የሚጠቅስ ብዕር
ለገዛ ገላዋ አንዲት መስመር ሳያሰፍር
ቀለሙ አለቀ።

ቀብሯ ላይ፣ ስምንት ጊዜ የረታችው ጠበቃ፣
አቶ ደምረው፣ ከወጣቶቹ አካፋ ቀማ።
ከረባቱን ትከሻው ላይ ወርውሮ
ላቡ እስኪንጠፈጠፍ አፈር መለሰባት።
«ዛሬም ረታሽኝ» ሲል ሰማሁት፤
ወይም የሰማሁ መሰለኝ፤ ነፋስ ነበር።

አሁን ካባዋ ከበሩ ጀርባ ተሰቅሏል፣
አንገቱ ነትቦ።
ኪሱን ዳበስኩ፦
የአውቶብስ ትኬት፣ ግማሽ ማስቲካ፣
አንዲት የደረቀች ሽንብራ፣
ከደረሰኝ ጀርባ በእርሳስ የተጫረ፦
ለሊስትሮው፣ አሥራ አምስት ብር።
ለጠጋኙ፣ የልጁ የልደት ሰርተፊኬት።
እህቴ ጋ መደወል።
ሁለቱን ሰርዛቸዋለች።

መዝገቦቹን በሁለት ማዳበሪያ ሞልቼ
ለአቶ ደምረው ላክሁ፤ እሱ ነው የጠየቀኝ።
በሩን ወደ ላይ አንስቼ ዘጋሁት።
ጠጋኙ ቁልፉን ሲቀበለኝ እጁን አልጠረገም፤
ዘይቱ እስካሁን መዳፌ ላይ አለ።

ሽንብራዋን አፌ ውስጥ ከተትኳት።
ድንጋይ ናት። አልነከስኳትም፤
በጉንጬ ይዤያት አውቶብስ ተሳፈርኩ።
ከቃሊቲ ማዶ፣ መንገዱ መጎርበጥ ሲጀምር
ቦርሳዬ ውስጥ የእሷ ስልክ ጮኸ፤
የልጅ ድምፅ ነው፣ ቸኩሏል፤
«ወይዘሪት ትርሲት? ቀጠሯችን ለመቼ ነበር?»
ከጎኔ የተቀመጡት ሴትዮ አዩኝ።
ልመልስ አፌን ከፈትኩ፣
ሽንብራዋ ምላሴ ላይ ተንከባለለች፤
«ሃሎ?» አለች ልጅቷ፤ «ሃሎ? ይሰማል?»
ይሰማል፣ የኔ እናት።
ይሰማል።