ቆጠራ በጭምባ

ጎህ ሳይቀድ፣ ረግረጉ ገና ጭጋግ እንደለበሰ፣
አንሙት ደረሰ።
ቦቲ ጫማ፣ ጋቢ፣ ከደረቱ ላይ መነጽር፤
ቢሮው የሰጠው ነው፣ አንድ ዓይኑ የተሰነጠቀ።
«በጤናማው እይ» አለኝና ሳቀ።

«ጥብቅ ሥፍራ» በሚለው ሰሌዳ ላም አንገቷን ታክበታለች።
እኔ ደብተር ይዣለሁ፣ እሱ ጣቶቹን ይዟል፤
ብርዱ ከደንገሉ ሥር ተነሥቶ ጉልበታችን ደርሷል።

«ከክረምት ሸሽተው ነው» አልሁት፣ «ከሰሜን የሚመጡ፣
በረዶ ሜዳውን ሲውጠው፣ የሚለቅሙት ሲያጡ።»
ቆም ብሎ አሰበ።
«ክረምትማ እኛም አለን፤
ዘር የሚያስይዘን እንጂ አገር የሚያስለቅቀን
አይደለም የኛው። ምን ዓይነት ክረምት ነው
ክንፍ ያለውን ሁሉ ጥር ላይ የሚያሰድደው?»

መጽሐፉ «ክሬን» ይላቸዋል። ነገርሁት።
ባሕር ዳር፣ ፎቅ ላይ ብረት የሚያወጣውን ክሬን ያስታውሳል፤
«እሱማ አይበርም» ብሎ ይተወዋል።
ሽመላ እንዳይላቸው፣ ሽመላን ለይቶ ያውቃል።
«እንግዶቹ» ነው የሚላቸው፤
እንግዳ ስሙ አይጠየቅም፣ ይበቃል መምጣታቸው።

«ድሮ» አለ፣ «ከዚያ ማማ ላይ፣ ከዚያ ከወደቀው፣
ወንጭፍ ሳጮህ ነበር የምውል፣ ሽምብራዬን ስጠብቀው።
አንዱን መትቼዋለሁ። ክንፉን።»
ውኃው ውስጥ ዓሣ ዘለለ።
«ጓደኛው ሦስት ቀን ቆመ፣ እዚያው፣ ብቻውን፤
እህል አልለቀመም። እኔም የዚያን ሰሞን ምሳ…»
ነገሩን አልጨረሰውም፣ ቀረ እንደተነሣ።

ከነሱ በፊት ድምፃቸው ነው የሚነሣ፤
ዘይት ያልነካው የበር ማጠፊያ፣ የተሰበረ ጥሩምባ፣
ከዚያ ሜዳው ራሱ ተነቀለ፣ ሰማይ ገባ።
አንሙት ጣቱን ዘርግቶ፣ አሥር በአሥር እየከፈለ፣
ሰማዩን እንደ እርሻ በትልም በትልም አደላደለ።
«ሠላሳ፣ አርባ (ጻፊ እንጂ!) ሰባ፣
መቶ ሃያ፣ ቆይ፣ ከግራ ሌላ መንጋ…»
ብዕሬ በብርዱ እምቢ አለ፤ በትንፋሼ አሞቅሁት።

ከማሳቸው ዳር ወይዘሮ ጥሩዓለም ቆመው ነበር፣
የተነቀለ ሽምብራ በእጃቸው።
«ቆጠራችሁ?» አሉን።
«ቆጠርን።»
«እግዜር ይስጣችሁ። ይኸንንስ ማን ይቁጠረው?»
ሽምብራውን ደብተሬ ላይ አኖሩት፤
ሥሩ አፈር ነበረበት።

በቅጹ ላይ ለዚህ ቦታ የለም።
ዓይነት፣ ብዛት፣ ሰዓት፣ የነፋሱ አቅጣጫ፤
ከግርጌ «አስተያየት» የሚል አንዲት መስመር።
እዚያ ጻፍሁ፦ ሽምብራ፣ ሩብ ጥማድ ያህል፣ የወይዘሮ ጥሩዓለም።
ቦታ ስላልበቃኝ «ዓለም» የሚለው ከመስመር ወጣ።

«ሦስት መቶ አሥራ ሁለት» አልሁ፣ ስደምር።
«አሥራ ሦስት» አለ አንሙት።
«ከየት?»
የወደቀውን ማማ አየ። አልመለሰልኝም።
ልንደግም አንችልም፣ ሄደዋል፤
ሰማዩ ላይ የቀረ ትልም የለም።

አሥራ ሁለት ብዬ ጻፍሁ።
ፊደል እንጂ ቁጥር አይከብደውም፤
በትከሻዬ በኩል አጎንብሶ አየው፤
ምንም አላለኝም።
የመነጽሩን ጤናማ ዓይን በጋቢው ጫፍ ጠረገና
ባዶውን ሜዳ
እንደገና ማየት ጀመረ።